ከሞተ በኋላ የተሾመው ሊቅ፦ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ

በጃፓን አገር የትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው ተንጂን ለተባለ አምላክ ወደ ተሠሩ ቤተ አምልኮዎች ይጎርፋሉ። በግቢው የተጋደመውን የበሬ ሐውልት ራስ በእጃቸው ያሻሻሉ፤ ምኞታቸውንም በትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው ይሰቅላሉ። ይህ የሚለምኑት አምላክ ግን ከጥንት በአፈ ታሪክ የተነገረለት አይደለም። እንደ እነርሱው ፈተና የተፈተነ፣ ተማሪ ያስተማረ፣ አውራጃ ያስተዳደረ፣ በመጨረሻም ተከሶ ቃሉ ሳይሰማ በግዞት የሞተ የመንግሥት ሹም ነበር። ስሙም ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ይባላል።

የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ የመረጥነው ስለ ዝናው ብቻ አይደለም። አንድ ቀን በችኮላ የተሰጠ ፍርድ ለማስተካከል አንድ መቶ ዓመት ያህል እንደ ወሰደ የሚያሳይ ታሪክ ስለ ሆነ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጃፓን ነገሥታት በ794 ዓ.ም. ዋና ከተማቸውን ሄይአን ወደ ተባለችው፣ ዛሬ ኪዮቶ ወደምትባለው ሥፍራ አዛወሩ። ከተማይቱ የቻይናን ዋና ከተማ ቻንግአንን አርአያ አድርጋ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተቀየሰች። የመንግሥቱም ሕግ፣ የሹማምንቱ ማዕረግና የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በቻይና ጽሕፈትና ቋንቋ ይዘጋጁ ነበር። ግዕዝ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ የነበረውን ክብር የሚያህል ክብር የቻይና ቋንቋ በጃፓን ሊቃውንት ዘንድ ነበረው ብንል አንሳሳትም። በዚያ ቋንቋ ግጥም መግጠም የማይችል ሹም በቤተ መንግሥቱ ግብር ላይ የሚያፍር ነበር።

ሚቺዛኔ በ845 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ከሊቃውንት ቤት ተወለደ። የቤተሰቡ የጥንት ስም ሃጂ ሲሆን፣ ሥራቸውም የነገሥታትን ቀብርና መቃብር ማሰናዳት ነበር። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የዘራቸው አባት ኖሚ ኖ ሱኩኔ፣ ንጉሥ ሲሞት አገልጋዮቹ በሕይወታቸው አብረው መቀበራቸው ቀርቶ በምትካቸው የሸክላ ምስል እንዲቀበር የመከረ ሰው ነው። በ781 ዓ.ም. ቤተሰቡ የመቃብሩን ስም ትቶ ሱጋዋራ የሚለውን ስም እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ከዚያም ወዲህ በትምህርት ታወቀ። አያቱ ኪዮኪሚ በ804 ዓ.ም. ከመንግሥት መልእክተኞች ጋር ባሕር ተሻግሮ ቻይና ደርሶ ተመልሷል። አባቱ ኮሬዮሺም በመንግሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር።

ልጁ በአገሩ የዕድሜ አቆጣጠር በ11 ዓመቱ የመጀመሪያውን የቻይንኛ ግጥም ገጠመ። የግጥሙም ርእስ በጨረቃ ብርሃን የታየ የፕሪም አበባ ነበር። ፕሪም በጃፓን ብርዱ ገና ሳይወጣ ከሌሎች ዛፎች ቀድሞ የሚያብብ ዛፍ ነው። ይህ አበባ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ መቃብሩ ድረስ ከሚቺዛኔ ስም እንዳልተለየ ወደ ኋላ እንመለከታለን።

በ862 ዓ.ም. የሥነ ጽሑፍ ተማሪነት ፈተና አለፈ። በ870 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ ዘመን ጥቂቶች ብቻ ለሚደርሱበት ለከፍተኛው የመንግሥት ፈተና ቀረበ። ከቀረቡለት ሁለት ጥያቄዎች አንደኛው ስለ ነገዶች አመጣጥ፣ ሁለተኛው ስለ ምድር መንቀጥቀጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የሚያዝ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ በ869 ዓ.ም.፣ የአገሪቱን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ታላቅ የመሬት መናወጥና የባሕር ማዕበል መትቶት ስለ ነበር፣ ጥያቄው ከመጻሕፍት ብቻ የተቀዳ እንዳልነበረ እንረዳለን። ሚቺዛኔ ፈተናውን አልፎ ወደ መንግሥት ሥራ ገባ። በ877 ዓ.ም. እንደ አባቱ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆነ። በ880 ዓ.ም. አባቱ ሲሞትም በቤታቸው መተላለፊያ ሰገነት የሚካሄደውን፣ ብዙ ሹማምንት የወጡበትን የቤተሰቡን ትምህርት ቤት ተረከበ።

የሚቺዛኔን ዕጣ ለመረዳት ስለ ፉጂዋራ ወገን አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ይህ ታላቅ ቤተሰብ ሥልጣን የያዘው በጦር ኃይል ሳይሆን በጋብቻ ነበር። ሴቶች ልጆቹን ለነገሥታት ይድራል፤ ከእነርሱ የተወለደው ልጅ ሲነግሥ አያቱ ወይም አጎቱ እንደራሴ ሆኖ አገሩን ይገዛል። በዚህ መንገድ ፉጂዋራ ኖ ዮሺፉሳ በ866 ዓ.ም. ከንጉሣዊው ዘር ውጭ የመጀመሪያው እንደራሴ ሆነ። ልጅ አድርጎ ያሳደገው ሞቶትሱኔም ቦታውን ወረሰ። እንዲህ ባለ ዘመን በትምህርቱ ብቻ የሚያድግ ሰው መንገዱ አጭር ነበር።

ሚቺዛኔ በ886 ዓ.ም. ከመምህርነቱ ተነሥቶ በሺኮኩ ደሴት የምትገኘው የሳኑኪ አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ከዋና ከተማ መራቁን እንደ ቅጣት ቆጥሮ እንዳዘነ ግጥሞቹ ይመሰክራሉ። ነገር ግን በዚያ የቆየባቸው አራት ዓመታት ከመጻሕፍት ያላገኘውን ትምህርት ሰጡት። በመጀመሪያው የብርድ ወራት በጻፋቸው አሥር ተከታታይ ግጥሞች፣ ብርዱ ቀድሞ የሚሰማው ለማን እንደሆነ እየጠየቀ የአውራጃውን ድሆች አንድ በአንድ ያነሣል። ግብር ሸሽቶ የተመለሰው ገበሬ፣ ከሌላ አገር የተሰደደው መንገደኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ፣ ወላጅ አልባው ልጅ፣ የመድኃኒት ተክል ጠባቂው፣ የመልእክት ፈረስ ባልደራሱ፣ የመርከብ ቅጥረኛው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ጨው ሻጩና እንጨት ለቃሚው በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ይገኛሉ። የቤተ መንግሥት ገጣሚዎች ጨረቃንና አበባን በሚያወድሱበት ዘመን አንድ አገረ ገዥ ስለ ጨው ሻጭ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም። በ888 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜም ለተራራው አምላክ የዝናብ ጸሎት ጽፎ አቀረበ።

እርሱ በሳኑኪ ሳለ በዋና ከተማው አንድ ጠብ ተነሣ። በ887 ዓ.ም. የነገሠው ኡዳ እናቱ ከፉጂዋራ ወገን አልነበረችም። ንጉሡ ለሞቶትሱኔ በጻፈው የሹመት ደብዳቤ ላይ ከጥንት የቻይና መጻሕፍት የተወሰደ አንድ የማዕረግ ስም ገባ። የሞቶትሱኔ ሊቃውንት ይህ ስም ሥራ የሌለው ባዶ ክብር ነው አሉ፤ ሞቶትሱኔም ተቆጥቶ የመንግሥቱን ሥራ ለወራት አቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብዳቤውን ለመሻርና ጸሐፊውን ጥፋተኛ ለማድረግ ተገደደ። ከጌታ ጋር ላለመጋጨት ሁሉም ዝም ሲል፣ በሩቅ አውራጃ የነበረው ሚቺዛኔ በአንድ ቃል ምክንያት ጸሐፊ መቅጣት ለሊቃውንት ሁሉ አደጋ መሆኑንና ለራሱ ለፉጂዋራ ቤትም እንደማይበጅ ገልጦ ለሞቶትሱኔ ደብዳቤ ጻፈ። ይህን ደፋርነት ኡዳ አልረሳም።

ሞቶትሱኔ በ891 ዓ.ም. ሲሞት ኡዳ አዲስ እንደራሴ ሳይሾም ቀረ። ሚቺዛኔንም በዚያው ዓመት የእልፍኝ ሹማምንት አለቃ አደረገው። ከዚያ በኋላ እድገቱ ፈጣን ሆነ። በ892 ዓ.ም. የአገሪቱን ዜና መዋዕሎች በየርእሱ የከፋፈለውን ታላቅ ሥራ አዘጋጀ፤ በ893 ዓ.ም. ወደ መንግሥቱ ሸንጎ ገባ። በ894 ዓ.ም. ወደ ቻይና የሚሄደው መልእክተኛ እርሱ እንዲሆን ታዘዘ። ጃፓን ወደ ቻይና መልእክተኛ ከላከች ከ838 ዓ.ም. ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ሚቺዛኔ በቻይና ከሚኖር አንድ ጃፓናዊ መነኩሴ የመጣውን ወሬ መርምሮ፣ የታንግ መንግሥት በጦርነት መዳከሙንና የባሕሩን አደጋ በማስረዳት ጉዞው እንደገና እንዲታሰብበት አመለከተ። ጉዞው ሳይደረግ ቀረ፤ የታንግ መንግሥትም በ907 ዓ.ም. ወደቀ። የቻይናን መጻሕፍት ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ጉዞው እንዲታሰብበት መምከሩ፣ የሚወዱትን ነገርም ቢሆን በማስረጃ መመዘን እንደሚቻል ያሳያል።

ኡዳ በ897 ዓ.ም. ዙፋኑን በአሥራዎቹ ዕድሜ ለነበረው ለልጁ ለዳይጎ ለቀቀ። ሲለቅም ሁለት ሰዎችን አማካሪ እንዲያደርግ በጽሑፍ መከረው። አንዱ የሞቶትሱኔ ልጅ ፉጂዋራ ኖ ቶኪሂራ፣ ሁለተኛው ሚቺዛኔ ነበሩ። በ899 ዓ.ም. ቶኪሂራ የግራ ሚኒስትር፣ ሚቺዛኔ የቀኝ ሚኒስትር ሆኑ። በእኛ አገር ልማድ ቀኛዝማች ግራዝማችን ሲበልጥ፣ በጃፓን ቤተ መንግሥት ግን የበላይነቱ የግራው ነበር። ቶኪሂራ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሲሆን ሚቺዛኔ ሃምሳውን አልፎ ነበር። ከሊቃውንት ወገን ለዚህ ማዕረግ የበቃ ሌላ ሰው ለማግኘት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ወደ ነበረው ወደ ኪቢ ኖ ማኪቢ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

ሚቺዛኔ ከፍታው ጠላት እንደሚያፈራ ያውቅ ስለ ነበር ሹመቱን እንዲያነሡለት ደጋግሞ አመለከተ፤ አልተፈቀደለትም። በ900 ዓ.ም. ሚዮሺ ኪዮዩኪ የተባለ ሊቅ መጪው ዓመት በኮከብ ቆጠራ የለውጥ ዓመት ስለ ሆነ ሥልጣኑን ለቆ ቢያርፍ እንደሚሻለው ጻፈለት። ኪዮዩኪ ቀደም ሲል በሚቺዛኔ ፈታኝነት ፈተና የወደቀ ሰው ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው የወዳጅ ምክር ይሁን የተቀናቃኝ ማስፈራሪያ አንባቢ ራሱ ሊመዝነው ይችላል።

በ901 ዓ.ም. በመጀመሪያው ወር በ25ኛው ቀን መብረቅ የመሰለ አዋጅ ወጣ። ሚቺዛኔ ዳይጎን ከዙፋን አውርዶ፣ የእርሱን ልጅ ያገባውን የንጉሡን ወንድም ሊያነግሥ አስቧል የሚል ክስ ቀረበበት። ከቀኝ ሚኒስትርነቱ ተሽሮ በምዕራብ ዳርቻ ወደምትገኘው ዳዛይፉ በስም ብቻ ሹም ሆኖ እንዲሄድ ተፈረደበት። ተከሳሹ በሸንጎ ቆሞ መልስ አልሰጠም፤ ምስክርም አልተሰማለትም። ወሬው የደረሰው የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ኡዳ ልጁን ለማነጋገር ወደ ቤተ መንግሥት ቢገሰግስም በሩ ተዘግቶበት ሳይገባ ተመለሰ። አዋጁ የወጣው በዙፋኑ ላይ ባለው ወጣት ስም ነበር፤ ተጠቃሚው ግን ቶኪሂራ መሆኑን ለማየት ብዙ ምርምር አያስፈልግም። ክሱ እውነት መሆኑን የሚያሳምን ማስረጃም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ትልልቆቹ ወንዶች ልጆቹ ወደ ተለያየ አገር ተበተኑ። ሚስቱና ሴቶች ልጆቹ በከተማው ሲቀሩ፣ ሁለት ሕፃናት ብቻ አብረውት እንዲሄዱ ተፈቀደ። በመንገድ ያሉ አውራጃዎችም ስንቅና ፈረስ እንዳይሰጡት ትእዛዝ ተላለፈ። ከቤቱ ሲወጣ በግቢው ላለው የፕሪም ዛፍ፣ ጌታው ባይኖርም ጸደይን እንዳይረሳ የሚለምን አጭር ግጥም ተናገረ ይባላል። ይህን ግጥም የማያውቅ ጃፓናዊ ጥቂት ነው።

ዳዛይፉ ከኪዮቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ጃፓን በ663 ዓ.ም. በኮርያ ጠረፍ በቻይናና በሲላ ጦር ድል ከተነሣች በኋላ የምዕራቡን በር ለመጠበቅ የተጠናከረች ሥፍራ ናት። በ664 ዓ.ም. ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአፈር ግንብና የውሃ ጉድባ ተሠራ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በተራራው ላይ ምሽግ ታነጸ። ከሩቅ ምሥራቅ አውራጃዎች የተመለመሉ ወታደሮች ቤተሰባቸውን ትተው በዚህ ዳርቻ ለዓመታት ዘብ ቆመዋል። ናፍቆታቸውም በጥንታዊ የጃፓን የግጥም መድበል ውስጥ ተጽፎ ቆይቷል። ሚቺዛኔ የተጣለው እንግዲህ የብዙ ሰዎች ናፍቆት ወደ ተከማቸበት አገር ነበር።

የተሰጠው ቤት ጣራው የሚያፈስ፣ አጥሩ የፈረሰ አሮጌ ቤት ነበር። ሥራ አልተሰጠውም። ከደጁ ሳይወጣ የመንግሥት አዳራሹን ጣራ ከሩቅ ያያል፤ የካንዜኦንጂን ገዳም ደወል ይሰማል። ያ ደወል ዛሬም በቦታው አለ። ከግዞቱ በፊት በነበረው መስከረም ለገጠመው ግጥም ንጉሠ ነገሥቱ በግብር ላይ ልብስ ሸልሞት ነበር። በዓመቱ በዚያው ቀን ሚቺዛኔ ያን ልብስ በግዞት ቤቱ ይዞት እንደሚገኝ በግጥም ገለጠ። የፈረደበትን ንጉሥ እንዳልረገመ ከዚህ እንረዳለን። አብረውት ከመጡት ሕፃናት ወንዱ በዚያው ሞተ። በመጨረሻም የግዞት ግጥሞቹን ሰብስቦ ለወዳጁ ለኪ ኖ ሃሴኦ ከላከ በኋላ፣ በ903 ዓ.ም. በሁለተኛው ወር በ25ኛው ቀን፣ ዕድሜው ስድሳ ሳይሞላ ዐረፈ። አስከሬኑን የሚስበው በሬ በመንገድ ላይ ተኝቶ አልነሣ ስላለ በቆመበት ሥፍራ ተቀበረ ተብሎ ይተረካል። በቤተ አምልኮዎቹ ግቢ የተጋደመው በሬ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። የፕሪም ዛፉም ጌታውን ተከትሎ በአንድ ሌሊት ከኪዮቶ በረረ ይባላል።

የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። የዚያ ዘመን ጃፓናውያን ግን ያለ በደል የሞተ ሰው መንፈስ ዕረፍት አያገኝም፤ ወረርሽኝና መዓት ያመጣል ብለው ያምኑ ነበር። በ785 ዓ.ም. ልዑል ሳዋራ በነፍስ ግድያ ሤራ ተከሶ ወደ ግዞት ሲወሰድ ሞቶ፣ መዓት ስለ በዛ በ800 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ተሰጥቶት ነበር። በ863 ዓ.ም. ደግሞ ሚቺዛኔ ወጣት ተማሪ ሳለ፣ መንግሥቱ በዋና ከተማው እንዲህ ላሉ መናፍስት የማስታረቂያ በዓል በይፋ አክብሯል።

ስለዚህ ቶኪሂራ በ909 ዓ.ም. ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው ሲሞት ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። በ923 ዓ.ም. የቶኪሂራ እኅት የወለደችው አልጋ ወራሽ ሞተ። በዚያው ዓመት ቤተ መንግሥቱ የግዞቱን አዋጅ ሽሮ ለሟቹ የቀኝ ሚኒስትርነቱን መለሰለት። ሆኖም በ925 ዓ.ም. የቶኪሂራ የልጅ ልጅ የሆነው ሕፃን አልጋ ወራሽም ሞተ። በ930 ዓ.ም. በጋ ሹማምንቱ ስለ ዝናብ እጦት ለመምከር በቤተ መንግሥቱ ተሰብስበው ሳለ ጥቁር ደመና መጣ፤ መብረቅም የንጉሠ ነገሥቱን አዳራሽ መትቶ ሹማምንትን ገደለ። ዳይጎ ከድንጋጤው ታመመ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ዙፋኑን ለቆ ሞተ። መብረቅ የተፈጥሮ ሥራ መሆኑን እኛ እናውቃለን። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ግን ነጎድጓዱን ሲሰሙ የሰሙት የራሳቸውን ሕሊና ነበር።

በ947 ዓ.ም. በኪዮቶ ሰሜን በኪታኖ ለመንፈሱ ቤተ አምልኮ ተሠራ። በ959 ዓ.ም. ይህን ቤት ያስፋፋው የቶኪሂራ የወንድም ልጅ ፉጂዋራ ኖ ሞሮሱኬ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሥልጣኑ ከቶኪሂራ ዘር ወጥቶ ወደ ወንድሙ ዘር ስለ ዞረ፣ የበደሉት ቤት ራሱ የተበደለውን አክባሪ ለመሆን በቃ። በ987 ዓ.ም. ኪታኖ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የሚከበር በዓል አገኘ። በ993 ዓ.ም. ደግሞ፣ ከሞተ ከዘጠና ዓመት በኋላ፣ በመጀመሪያ የግራ ሚኒስትርነት ቀጥሎም ከሚኒስትሮች ሁሉ በላይ የሆነው የታላቁ ሚኒስትርነት ማዕረግ ተሰጠው። ቶኪሂራ በሕይወቱ ያልደረሰበትን ሥልጣን ሚቺዛኔ በመቃብሩ አገኘ።

ዘመን ሲያልፍ የመብረቁ ፍርሃት እየቀነሰ የትምህርቱ ዝና ጎላ። ከ17ኛው ምእት ዓመት ወዲህ የነጋዴና የገበሬ ልጆች ፊደል በሚቆጥሩባቸው የመንደር ትምህርት ቤቶች ሥዕሉ ይሰቀል ነበር። በ1888 ዓ.ም. መልኩ በአምስት የን ገንዘብ ላይ ታተመ። ዛሬ በስሙ የተሠሩት ቤተ አምልኮዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በዳዛይፉ መቃብሩ ላይ የቆመው ዋና አዳራሽ በ1591 ዓ.ም. የተሠራው ነው። በአጠገቡም በርራ መጣች የሚባልላት ፕሪም በየዓመቱ ታብባለች። በኪታኖም ፌብሩዋሪ 25 ቀን የፕሪም በዓል ይከበራል።

ከዚህ ሁሉ ክብር ግን አንድም ለሚቺዛኔ አልደረሰውም። የተመለሰለት ሹመት ጣራውን አልደፈነለትም፤ ታላቁ ማዕረግም በስደት የሞተውን ሕፃን አላስነሣለትም። መንግሥቱም ጨው ሻጩን በስሙ የሚያነሣ አስተዳዳሪና ማስረጃን የሚመዝን አማካሪ አጥቶ ቀረ። ከሞተ በኋላ ዘጠና ዓመት የፈጀውን ማስተካከያ በ901 ዓ.ም. አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ተከሳሹን መስማት ባስቀረው ነበር። ከሚቺዛኔ ሕይወት እኛ የምንወስደው ትምህርት ይኸው ነው።